ታላቋ ዚምባብዌ በግንበኛ ዓይን

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ፦ ለካቡ ሙሉ ነጥብ፣ ለአስጎብኚያችን ግማሽ፣ ላደርንበት ማረፊያ ዜሮ። ታላቋ ዚምባብዌ የምትባለውን የጥንት የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ለማየት የሚያስብ ሰው ከዚህ በላይ ባያነብም አይጎዳም። እኔ ግን ዕድሜዬን በድጋፍ ግንብ፣ በፍሳሽ ቦይና በድልድይ ክንፍ ሥራ የጨረስኩ ፎርማን ነኝና ስለ ድንጋዩ ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ጎብኚ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወርቁ ንግድና ፎቶግራፍ ስለሚያምርበት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ድንጋይ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ያለ ስሚንቶ እንዴት እስከ ዛሬ እንደ ቆመ፣ የት የት ላይስ እየታመመ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቦታው በደቡብ ዚምባብዌ፣ ከማስቪንጎ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሐራሬ ገብቶ በመኪና ወደ ደቡብ መውረድ ይቻላል። እኔ የመጣሁት ከታች ነው፤ ጆሃንስበርግ ጄፒ ሠፈር ሱቅ ያለው የእህቴ ልጅ በመኪናው ይዞኝ በቤይትብሪጅ ድንበር ተሻገርን። ከድንበሩ እስከ ማስቪንጎ ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጭነት መኪና የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ በቀን ንዱ። «ጋሼ፣ ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ አገር ማቋረጥ ምን ይሉታል? ድንጋይማ አገራችን ሞልቶ የለም እንዴ!» እያለ ነው መንገዱን ሁሉ የመጣው። ግቢው ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ከእኔ ቀድሞ ሽቅብ ሲሮጥ ያየሁት እሱን ነው።

ፍርስራሹ ሦስት ክፍል አለው። ኮረብታው ላይ ያለው ግቢ ቀደምቱ ነው። ከኮረብታው ሥር፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ትናንሽ ግቢዎች ተበትነዋል። ከእነርሱ ባሻገር ታላቁ ቅጥር የሚባለው ሞላላ ግቢ ተዘርግቷል። ሥራው የሾና ሕዝብ አባቶች ነው፤ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የካቡት። ታላቁ ቅጥር በአብዛኛው የ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ዩኔስኮ በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለ ወርቁና ከባሕር ማዶ ስለ መጣው የቻይና ሸክላ አስጎብኚዎቹ ይነግሯችኋል፤ እኔ አልፈዋለሁ።

ወደ ሾጣጣው ማማ እንሂድ። የሚደረሰው በታላቁ ቅጥር ውስጥ፣ በውጭውና በውስጠኛው ግድግዳ መካከል በተዘረጋ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ግራና ቀኝ ካብ ብቻ ነው የምታዩት፤ ሰማዩ ከላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። ወፍራም ሰው ከሆናችሁ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። ከዚያ ሲወጣ ማማው ድንገት ይገጥማል። ቁመቱ ወደ 10 ሜትር፣ የግርጌው ስፋት ከ5 ሜትር በላይ ነው። በር የለውም፤ መስኮት የለውም፤ ደረጃም የለውም። ውስጡ ድፍን ነው።

ድፍን መሆኑን ሰዎች በቀላሉ አላመኑም። ሀብት ተሸሽጎበታል ብለው ለዓመታት ጎነታትለውታል፤ ጫፉም እንደ ጥንቱ ሙሉ አይደለም። በ1929 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ገርትሩድ ኬተን-ቶምፕሰን ከሥሩ መሹለኪያ አስቆፍራ እስከ ማየት ደርሳለች። የተሸሸገ ክፍልም ሣጥንም አልተገኘም። ሴትዮዋ ልታውቅ የፈለገችው ዕድሜውን ነው፤ አስጎብኚያችንም ታሪኩን የነገረን ለዚሁ ነው። እኔ ግን ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ከ10 ሜትር ካብ ሥር፣ አንዱን ድንጋይ ከሌላው የሚያጣብቅ ምንም ነገር በሌለበት፣ ሰው አጎንብሶ ይቆፍራል! በእኔ ሥራ ላይ ይህን የሚያደርግ ቀን ሠራተኛ ባገኝ በዚያው ቀን አሰናብተው ነበር። ማማው ግን ንቅንቅ አላለም።

ለምን? አንደኛ፣ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ ክብደት ከበታቹ ባለው ረድፍ ላይ ወደ መሀል ገብቶ ያርፋል። ከጫፉ ጠርዝ ቱንቢ መጣል ቢቻል ነጥቡ ግርጌው ውስጥ ብዙ ገብቶ ያርፍ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር እንዲወድቅ ወይ መሠረቱ በአንድ ወገን መስመጥ አለበት፣ ወይም የውጭው ፊት ከውስጡ ሙሌት ተለይቶ መራገፍ አለበት። በራሱ ክብደት ተገፍቶ አይገለበጥም። ሁለተኛ፣ ክብ ነው። ካብ ውስጥ ቀድሞ የሚከዳ ጥግ ነው፤ ሁለት ፊት የሚይዝ ደህና ድንጋይ ያላገኘ ግንበኛ ጥጉን በቁራጭ ይሞላዋል፤ ከዚያ ይላቀቃል። እዚህ ግን በማማው ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ግቢው ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማየት ብትለፉ አታገኙም፤ ሁሉም ይታጠፋል፣ ይዞራል እንጂ አይሰበርም።

የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ ካየ በኋላ «ታዲያ ከታች ያለው ድንጋይ በዚህ ሁሉ ጫና እንዴት አይደቅም?» አለኝ። ነጋዴ ነውና በሂሳብ መለስኩለት። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቀንሰን የካቡን አንድ ሜትር ኪዩብ 2.2 ቶን እንበለው። 10 ሜትር ቁመት ያለው ካብ በግርጌው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ቢበዛ 22 ቶን ይጭናል። ይህ በካሬ ሴንቲ ሜትር 2.2 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ደህና ግራናይት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ይችላል። ድንጋዩ ጫናውን ከምንም አይቆጥረውም። ካብ ሲሞት የሚሞተው ድንጋዩ ደቆ አይደለም፤ ተንሸራቶ፣ ተገፍቶ ወይም ተገልብጦ ነው። ስለዚህ ካብን ለመመርመር የመጣ ሰው የድንጋዩን ጥንካሬ ትቶ ቅርጹንና መጋጠሚያውን ይመልከት።

የጥንት የካብ ማማ የሚባለው ሁሉ እንዲህ ድፍን አይደለም። በፎቶግራፍና በፕላን ካየኋቸው መካከል በስኮትላንድ፣ በሼትላንድ ደሴቶች የሚገኘው የሙሳ ማማ 13 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ዕድሜውም ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። መሀሉ ባዶ ነው። ሁለት ግድግዳ አንዱ በሌላው ውስጥ ተክቦ ደረጃው በመካከላቸው ይወጣል፤ ሁለቱን አስተሳስረው የያዟቸው በአግድም የተጋደሙ ሰሌዳ ድንጋዮች ናቸው። በጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት፣ ባሩሚኒ ላይ ያለው ሱ ኑራክሲ ደግሞ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ክፍሎቹ ድንጋይ ከድንጋይ ወደ ውስጥ እየገፋ በሚዘጋ ጉልላት ተከድነዋል። ዛሬ የቀረው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ሳለ ከ18 ሜትር ያልፍ እንደ ነበር ይገመታል። እነዚያ ሰዎች ደፋሮች ናቸው፤ በባዶ ላይ ድንጋይ ከድነዋል። የዚምባብዌው ግንበኛ ሰው የማይገባበትን ማማ ድፍን አድርጎ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ተገላገለ። የሙሳን ግንበኛ አደንቃለሁ፤ ሥራ የምሰጠው ግን ለዚምባብዌው ነው።

ማማው ስሙን ወሰደው እንጂ ለእኔ ትልቁ ሥራ የውጭው ግድግዳ ነው። ዙሪያው 250 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከፍ ባለበት 11 ሜትር፣ የግርጌው ውፍረት በሰፊው ቦታ 5 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። ውፍረቱ የቁመቱን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኛ ዛሬ ከኋላው አፈር የሚገፋው የድጋፍ ግንብ ስንሠራ ለመሠረቱ የምንይዘው ስፋት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ ግድግዳ ግን ጣሪያ አልተሸከመም። ሰዎቹ የሚኖሩት በውስጡ ባሉ የጭቃ ቤቶች ነበር፤ ግድግዳው ከራሱ በቀር የሚሸከመው የለም። ለደኅንነት ብሎ የጨመረው ነው ብዬ አላምንም፤ ክብር ለማሳየት የጨመረው ውፍረት ደኅንነቱን በነጻ ሰጠው።

የድንጋዩን ምንጭ ለማወቅ ቀና ማለት ይበቃል። ዙሪያውን ያሉት ራሰ በራ የግራናይት ኮረብታዎች ናቸው። ግራናይቱ ቀን በፀሐይ እየጋለ ሌሊት እየቀዘቀዘ በንብርብር ይላጣል፤ ሰዎቹም እሳት አንድደው ውኃ በመድፋት ሥራውን ያፋጥኑት ነበር ይባላል። የተላጠው ሰሌዳ ውፍረቱ ወጥ ስለሆነ፣ በመዶሻ ሲከፋፈል ሁለት ፊቱ ቀድሞውኑ የተስተካከለ ድንጋይ ይወጣል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲታገል የኖረ ግንበኛ ይህን ሲያይ ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ፤ አልደብቅም።

የሥራው ጥራት ግን በዙሪያው እኩል አይደለም። አንዱ ወገን ላይ ረድፉ ይወዛወዛል፤ ወደ ምሥራቅ ስትዞሩ እየጠራ ይሄዳል፤ ከላይ በሰያፍ የተደረደሩ ድንጋዮች የሠሩት ሁለት ረድፍ ጌጥ ያለበት ወገን ጋ ስትደርሱ ሲባጎ ወጥሬ የማሠራው የእኔ ረድፍ ከዚያ አይበልጥም። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል የተደረገውን ጥንቃቄ ተመልከቱ። ግርጌው ላይ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ትናንሽ ቀዳዳዎችን ፈልጉ፤ የግቢው ውኃ የሚወጣባቸው ቦዮች ናቸው። ለእኔ ከጌጡ ይልቅ እነርሱ ናቸው የግንበኛውን ብልኅነት የሚናገሩት። አስጎብኚያችን ሳያሳየን ሊያልፍ ነበር።

አሁን ወደ በሽታው። ግድግዳውን በጎኑ ቆማችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ርዝመቱ አድርጋችሁ ተመልከቱ እንጂ ፊት ለፊት አትዩት። አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ተጠቀጠቀ ጆንያ ሆድ አውጥቷል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካቡ ሁለት የተስተካከለ ፊት አለው፤ መሀሉ በልቅም ድንጋይ የተሞላ ነው። ፊቱን ከሙሌቱ ጋር የሚያስር ረጅም ማያያዣ ድንጋይ ሲያንስ ሁለቱ በየራሳቸው ይኖራሉ። ዝናብ ከላይ ሲገባ በሙሌቱ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር ይዞ ይወርዳል፤ ሙሌቱ ሲቀመጥ ወደ ጎን ይገፋል፤ ፊቱም በዓመት በማይታይ መጠን ወደ ውጭ ይወጣል። የዛፍ ሥር ሲጨመርበት፣ ጦጣ ከላይ ሲመላለስና ጎብኚ ሲወጣጣበት ሥራው ይፈጥናል። ሆድ ያወጣ ካብ ለዘመናት ሊቆም ይችላል፤ ሲሄድ ግን አስጠንቅቆ አይሄድም። ስለዚህ «አትውጡ» የሚል ነገር ስታዩ አክብሩ። አንድ ወጣት ለፎቶግራፍ ብሎ ግድግዳ ጫፍ ላይ ሊወጣ ሲል የእህቴ ልጅ በአማርኛ ጮኸበት፤ ልጁ ቋንቋውን ባያውቅም ወረደ።

ግድግዳ ከግድግዳ የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ እዩ። አንዱ ሌላውን ይነካዋል እንጂ ድንጋዮቻቸው አይተላለፉም። ጀማሪ መሐንዲስ ይህን ጉድለት ይለዋል። እኔ እንዲያ አልልም፤ አንዱ ሲሰምጥ ወይም ሲያዘነብል ጎረቤቱን ይዞ አይወርድም። በኮንክሪት ሥራ ብር ከፍለን፣ ክፍተት ትተን የምናደርገውን ነገር እነርሱ በነጻ አግኝተውታል።

ምድሩም አግዟቸዋል። ያ አካባቢ እጅግ ጥንታዊ በሆነ የግራናይት ወለል ላይ ስላለ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አይበዛበትም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ሌት ተቀን ሲናጥ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ሰዎች ይህን ማማ እዚያ ላይ አስቡት። ማማው ቅርጹ ስለሚረዳው ዕድል ይኖረው ነበር። ሆድ ያወጣው ግድግዳ ግን ለአንድ ሌሊትም አይቆይም።

አስጎብኚያችን፣ በማረፊያው በኩል የተገኘ ጨዋ ሰው፣ ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «እንግዲያው የንግሥታችሁን ቤት ልታዩ መጣችኋላ!» አለን። ቀልዱ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። በ1871 እ.ኤ.አ. እዚህ የደረሰው ጀርመናዊው ካርል ማውኽ ከአንድ በር ጉበን ላይ ስንጣሪ ቆርጦ ከእርሳሱ እንጨት ጋር አነጻጸረው፤ ተመሳሰለበትና የሊባኖስ ዝግባ ነው አለ። ከሊባኖስ ዝግባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን፣ ከሰሎሞን ወደ ንግሥተ ሳባ ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። እንጨቱ ግን ከሊባኖስ የመጣ ሳይሆን የዚያው የአፍሪካ ምድር ዛፍ ነበር። «ንግሥታችንን አክሱም ላይ ትተናት መጥተናል፤ ይህ የእናንተ አያቶች ሥራ ነው» አልኩት። ሳቀና እጄን ጨበጠኝ።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ አይደለም፤ ተረቱ ለካቡ ጤና ጠንቅ ሆኖ ነበር። ጥቁር ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም ብለው የተነሡ ሰዎች «የጥንቶቹን» ፍለጋ የአፍሪካውያኑን ዘመን አፈር እንደ ቆሻሻ ቆጠሩት። በ1902 እ.ኤ.አ. የቦታው ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ሆል ይህን አፈር በገፍ አስጠረገ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተነሣ። በ1905 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ራንዳል-ማክአይቨር፣ ኋላም ኬተን-ቶምፕሰን፣ ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን ሲያረጋግጡ ከወለሉ የሄደው ሄዷል። አርኪዮሎጂስቶች የሚያለቅሱት ለጠፋው ማስረጃ ነው። እኔ ደግሞ ለመሠረቱ አለቅሳለሁ። ለዘመናት ተደላድሎ የቆየን አፈር ከካብ ግርጌ ማንሣት መሠረቱን ያራቁታል፤ ለጎርፉም አዲስ መንገድ ያሳየዋል። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ይህን በራሱ ገንዘብ ተምሮታል።

አሁን ያሉት ጠባቂዎች ሥራቸው ቀላል አይደለም። ሆድ ያወጣውን ቦታ በመለኪያና በፎቶግራፍ ልኬት ይከታተላሉ፤ መክፈት ግድ ሲሆን እያንዳንዱን ድንጋይ ቁጥር ሰጥተው ያወርዱና ወደ ቦታው ይመልሱታል። ከሁሉ የሚያደክማቸው ቁጥቋጦ ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ሲነግሩኝ አላወቅሁትም፤ አበባውን ሳየው ግን የእኛው የወፍ ቆሎ ሆኖ አገኘሁት! ሥሩ መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል፤ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ በጉልበት ቢነቅሉት ድንጋዩን ይዞ ይወጣል።

እዚያ ቆሜ ኮንሶን አሰብኩ። የኮንሶ እርከንና የመንደሮቹ ቅጥር በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባቸው የካብ ሥራዎች ናቸው፤ ከ400 ዓመት በላይ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ኮንሶ ላይ ካብ ሲናድ ባለቤቱ ጎረቤቱን ጠርቶ መልሶ ይክበዋል። ቁጥር አይሰጥም፤ ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ፈቃድ አይጠይቅም። የዚምባብዌው ካብ ከተማው ከተለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ባለቤት አጥቷል። የተናደው ድንጋይ ራሱ ማስረጃ ስለሆነ እንደ ልብ አይነካም። ሁለቱም መንገድ ለየራሱ ቦታ ትክክል ነው። ለካቡ ዕድሜ ግን የኮንሶው ይሻላል ባይ ነኝ፤ በየዓመቱ እጅ የሚነካው ካብ ሆድ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም።

ኮረብታው ላይ መውጣት አለባችሁ፤ «ደከመኝ» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ከሸለቆው 80 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሁለት መውጫ አለው፤ በጥንቱ ውጡ፣ በአዲሱ ውረዱ። ጥንታዊው በቋጥኞች ስንጥቅ ውስጥ እየተሽሎከለከ ያልፋል፤ አንዳንዱ ቦታ በትከሻ ታክካችሁ ነው የምትሄዱት። እላይ ካቡ ከተፈጥሮ ቋጥኝ ጋር ተያይዟል፤ ሁለት ግዙፍ አለት በመካከላቸው ክፍተት ካላቸው ግንበኛው ክፍተቱን ብቻ ሞልቶ ግድግዳ አድርጎታል። አለቱ መሠረት ሆነ፤ አለቱ ጥግ ሆነ። መሠረት መቆፈር የሰለቸው ሰው ሥራ ነው። ጉልበቴ ቢያመኝም እዚያ ከማማው ይልቅ ብዙ ቆይቻለሁ። ከላይ ሆናችሁ ታላቁን ቅጥር ስታዩ ቅርጹ በሙሉ ይገባችኋል፤ ስለዚህ ኮረብታውን በጠዋት ጨርሱና ወደ ታች ውረዱ፤ ፀሐይዋ ከበረታች ግራናይቱ ከእግር በታችም ያቃጥላል።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለችውን ወፍ አምሳያ፣ ከለስላሳ ድንጋይ የተቀረጹትን፣ እዚያ ታያላችሁ። ያምራሉ። እኔ ቶሎ ወጣሁ።

ስለ አስጎብኚያችን ግማሽ ነጥብ ለምን እንደ ሰጠሁ ልናገር። ታሪኩን በሚገባ ያውቃል፤ ስለ አያቶቹ ሲናገር በኩራት ነው፤ ሰው አያዋርድም። ግን የተሸመደደ መንገድ አለው፤ ከዚያ ካስወጣችሁት ይቸገራል። ሆድ ያወጣውን ግድግዳ አሳይቼው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስለው «ጥንታዊ ነው» ብሎ አለፈኝ። ሁሉም ጥንታዊ ነው፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ ሆዱ ነው! ደግሞ ይቸኩላል፤ ማማው ዘንድ ቁጭ ብዬ ረድፍ ልቆጥር ስል ሰዓቱን ያያል። ጊዜ ወስዳችሁ የምታዩ ከሆነ ዋጋውን ከመስማማታችሁ በፊት ረዘም ላለ ሰዓት ተደራደሩ፤ ወይም አንድ ዙር ከእርሱ ጋር ዞራችሁ አሰናብቱትና ብቻችሁን ድገሙት። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በለጠ።

ሌላ ሌላው ቀላል ነው። ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ከአገሬው ይበልጣል፤ ዶላር ይዛችሁ ሂዱ፣ ዝርዝሩንም አትርሱ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ ለመውጣት ይመቻል፤ የውኃው ቦይ ሲሠራ ማየት የሚሻ እንደ እኔ ያለ ሰው ብቻ በዝናብ ይሂድ። ሕፃን ልጅ ይዞ ኮረብታው ላይ መውጣት አልመክርም። ምሳ ቋጥሩ፤ ጦጣዎቹ ፊት ግን አትክፈቱት።

ማረፊያውን ስሙን አልጠራም። ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ የለም፤ ቁርሱ የተከፈለበት ነው ተብሎ እንደ ገና ያስከፍላል። ይህንስ በቻልኩት። የሆዴን የቆረጠው የበሩ አጥር ነው። የታላቁን ቅጥር አስመስለው፣ ቀጭን ድንጋይ በስሚንቶ ብሎኬት ላይ ለጥፈው፣ ጌጡንም ሳይቀር ከላይ ሠርተውበታል። ለውኃ መውጫ ግን አንድ ቀዳዳ አልተውለትም፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተሰንጥቋል። ለእንግዳ ተቀባዩ አሳየሁት፤ «ቀለም እንቀባዋለን» አለኝ። ማስቪንጎ ከተማ ውስጥ ብታድሩ ይሻላችኋል፤ በጠዋት በመኪና ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው።